ቆጥሮ የሚረሳ ካሜራ

አቶ ጫኔ በመሐል ሜዳ፣ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደው መንገድ ከገበያው መንገድ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ቤት ሠርተው ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። በዚያ ማዕዘን የማያዩት ነገር የለም። ሚኒባስ ከሚኒባስ ሲጋፋ፣ አህያ ጭነቷን ጥላ መሐል መንገድ ላይ ስትቆም፣ ረዳት ከተሳፋሪ ጋር ሲጨቃጨቅ፣ ሁሉንም በራቸው ላይ ካለችው አግዳሚ ተቀምጠው ይመለከታሉ፤ ሳይጠየቁም ይፈርዳሉ። እንግዲህ አንድ ሐሙስ ጠዋት ከወፍጮ ቤት ሲመለሱ የብረት መሰላል በገዛ ግድግዳቸው ላይ ተደግፎ ቢያገኙት ከዘራቸውን ከፍ ማድረጋቸው አያስገርምም።

መሰላሉ ሥር የቆመችው ወጣት ሴት ደንግጣ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች።

«እንደምን አደሩ አባባ? ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ባንኳኳ ሰው አጣሁ። ከፍታውን ብቻ እየለካሁ ነበር።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። የማን ልጅ ነሽ? ግድግዳዬስ ምን አጥፍቶ ነው የሚለካው?»

«ጽናት እባላለሁ፤ የቀየት ልጅ ነኝ። መንገድ ለሚያጠና ድርጅት ነው የምሠራው። በዚህ ማዕዘን ባለፈው ዓመት ሁለት ሰው ተገጭቷል አይደል? አሁን የእግረኛ መሻገሪያ ሊሠራ ነው። ግን አንዱ መናኸሪያው ፊት ይሁን ይላል፣ ሌላው የበግ ተራው መውጫ ላይ ይሁን ይላል። በግምት ከምንሠራው፣ የሚያልፈውን ሰውና መኪና ለሦስት ወር የሚቆጥር ካሜራ ልንተክል አስበናል። ከእርስዎ ግድግዳ የተሻለ ቦታ አላገኘንም። እርስዎ ካልፈቀዱ ግን አንተክልም።»

አቶ ጫኔ «ካሜራ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ከዘራቸው ወረደ፤ ፊታቸውም በራ። ምክንያት ነበራቸው። በፋሲካ ሰሞን አንድ ሙክትና ሁለት እናት በጎች ከበግ ተራው ጠፍተውባቸው፣ ሌባውን ሲያስቡ እንቅልፍ ካጡ ወራት አልፈዋል። በዚህ ማዕዘን ሳያልፍ ከገበያው የሚወጣ በግ የለም፤ የለመደ ሌባም መመለሱ አይቀርም።

«ተቀመጪ እስቲ ልጄ» አሉ፣ አግዳሚዋን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ግድግዳው ምን ገዶኝ፤ ጣሪያውም ያንቺ ነው። እንግዲህ ከቅዳሜ ጀምሮ በግ እየነዳ የሚያልፈውን ሁሉ መልኩን ይይዘዋላ?»

«አይይዘውም አባባ።»

«እንዴት አይይዘው? ዓይን የለውም?»

«ዓይን አለው። የሚያየው ለመቁጠር ብቻ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር ሳጥኑ ውስጥ አለ፤ ምስሉን አይቶ ‹ይህ ሰው ነው፣ ያ መኪና ነው› ብሎ ይለያል፤ ይቆጥራል፤ ምስሉን ወዲያው ይደመስሰዋል። ለእኛ የሚደርሰን ቁጥሩ ነው።»

ነገሩ ለአቶ ጫኔ አልዋጥላቸው አለ። በዚህ ዘመን መሣሪያ ሁሉ ብልጥ ሆኗል እየተባለ ባለበት፣ ሆን ተብሎ እንዲረሳ የተደረገ መሣሪያ ሰምተው አያውቁም።

«እኔስ አርጅቼ ነው የምረሳ» አሉ። «ይህ ገና ሳይተከል ምን ነካው? እስቲ ልየው።»

ጽናት ሳቀች፤ የመፍቀዳቸው ዋዜማ መስሎ ስለታያትም ትንሿን ሳጥን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አድርጋ ወደ መንገዱ አዞረቻት። በእጇ በያዘችው ታብሌት ላይ የሰው ጥላ መሳይ ነገር፣ አጠገቡም ቁጥር ታየ። ፊት የሚባል ነገር አልነበረበትም። አቶ ጫኔ በርኖሳቸውን ደርበው በሳጥኗ ፊት አለፉ፤ አንድ አለ። በርኖሱን ጥለው ጋቢ ለብሰው ተመለሱ፤ ሁለት አለ። ከቤት ባርኔጣ አምጥተው አደረጉ፤ ሦስት አለ። ከዚያ በኋላ ልብስ መቀየሩን ትተው እንዲሁ ወዲያና ወዲህ ተመላለሱ። መንገደኛው ቆሞ ማየት ጀመረ። ሰባተኛው ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው ቆሙ።

«ሰባት ጫኔ አደረገኝ!» አሉ፣ እንደ ልጅ እየተደሰቱ።

ባለቤታቸው እትዬ ጌታነሽ ከደጃፉ ሆነው ሲመለከቱ ኖሯል። «ኧረ አንዱም በዝቶብኝ ነበር» አሉና ወደ ጓዳቸው ገቡ።

ጽናት ሳቋ ሲያልፍላት፣ «አዩ አባባ? እርስዎ ጫኔ ይሁኑ ሌላ፣ አያውቅም። የሚያውቀው ሰው ማለፉን ነው» አለች።

«አየሁ። ደንቆኛልም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አትዋሺኝ። ይህን ነገር ሰው እንዲለይ ማድረግ አይቻልም?»

ጽናት አይቻልም ብትል ክርክሩ እዚያው ባበቃ ነበር።

«ይቻላል። መልክ የሚለይም የመኪና ታርጋ የሚጽፍም አለ። ስለሚቻል እኮ ነው እንዳይዝ አድርገን የሠራነው።»

«እንግዲያ እንዲይዝ አድርጊልኝ! ሌባ ይፍራ እንጂ ንጹሕ ሰው ምን ይፈራል? እኔ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የማፍርበት ሥራ የለኝም።»

«ያምንዎታል ሁሉም። ግን ልጠይቅዎ፤ ባለፈው ሳምንት ቤትዎ ማን ማን እንደገባ፣ በስንት ሰዓት እንደገባ ጽፌ ይህ ግድግዳ ላይ ብለጥፈው ይፈቅዱልኛል?»

ልጅቷ ሳታውቅ የነካችው ነገር ነበረ። ከዓመት በፊት በራቤል በኩል በወሰን ጠብ አንድ ሰው ሞቷል። ገዳዩ ተፈርዶበት ወህኒ ወርዷል። የሟች ወንድም ምንተስኖት ግን ደሙን ከገዳዩ ወንድም ከታዲዮስ ሊመልስ መማሉ አገር ያወቀው ነው። ታዲዮስ በጠቡ እጁ አልነበረበትም። ቀዬውን ለቆ ከዘመድ ዘመድ ሲንከራተት ከርሞ፣ አሁን በየረቡዑ ከሰዓት በኋላ ተሸፋፍኖ በአቶ ጫኔ ቤት ጎን ባለችው ቀጭን መንገድ ይመጣል። ዕርቁ የሚጠነሰሰው በዚያ ቤት ነው። ይህን ከሽማግሌዎቹ ከእነ አቶ ጫኔና ከእትዬ ጌታነሽ በቀር ያወቀ የለም።

ይህን ሁሉ እያወቁ አቶ ጫኔ ግን አልተረቱም። ሰው በንብረቱ ሲመጣበት የሌላውን ገመና ማሰብ ያቅተዋል፤ እሳቸውም ሰው ናቸው።

«የቤትና የመንገድ ነገር ለየቅል ነው» አሉ ቆጣ ብለው። «መንገድ የሁሉ ነው። መልክ የሚይዝ ከሆነ ግድግዳው ያንቺ ነው፤ የማይዝ ከሆነ ሌላ ግድግዳ ፈልጊ።»

«ጥሩ አባባ። ነገ በጠዋቱ መኪና ወደ መሥሪያ ቤቴ እመለሳለሁ። ሐሳብዎን ከለወጡ መናኸሪያ ያገኙኛል» አለችና እጅ ነሥታ መሰላሏን ተሸክማ ሄደች።

እሷ ከሄደች በኋላ አቶ ጫኔ አላረፉም። ሲመላለሱ ለተመለከታቸው መንገደኛ ሁሉ «ካሜራ ሊተከልልኝ ነው፤ መልክ ካልያዘ ብዬ ይዣታለሁ፤ እሺ ማለቷ አይቀርም፤ የበጌ ሌባ ወዮለት» ሲሉ ዋሉ። ወሬው ከሰዓት በኋላ የበግ ተራውን አልፎ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ግንብ የሚገነቡት ሠራተኞች ዘንድ ደረሰ። ከግንበኞቹ አንዱ ምንተስኖት ነበር።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እጁን ከሲሚንቶ ታጥቦ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከወንድሙ ሞት በፊት በቀልዱ የታወቀ ነበር። አሁን ከስቷል። ቆሞ እጅ ነሣ፤ ካልተቀመጥክ ቢሉት እንኳ አግዳሚዋ ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠው።

«ጋሼ፣ ካሜራው በጎችዎን ሊያወጣልዎ ነው አሉ።»

«እሱን እየተነጋገርን ነው።»

«እሰይ። እንግዲያ እኔም አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ታዲዮስ በዚህ ከተማ ብቅ ይላል ይሉኛል። የት እንደሚገባ አላውቅም። መቼና በየት እንደሚያልፍ ብቻ ካየሁ ይበቃኛል። ልጅቷን እኔ ብጠይቃት እሺ አትለኝም። ለእርስዎ ስትሰጥ ግን…»

«ምንተስኖት፣ ካሜራው እኮ ለመንገድ ነው…»

«አይቆጡኝ ጋሼ። ለበግ የሚታይ ከሆነ ለሰው ደም የማይታይበት ምክንያት ምንድን ነው? የእርስዎ በግ ከወንድሜ በለጠ?»

ሐዘኑ ለአቶ ጫኔ ገባቸው፤ ፍርሃትም ያዛቸው። ጥያቄው ልክ ነበር። መልኩ ከተያዘ፣ ለእሳቸው የሚታየው ለዚህ ሰውም ይታያል። እሳቸው ለሌባ ያሰቡት ነገር፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በጎናቸው ባለችው መንገድ የሚመጣውን ንጹሕ ሰው አሳልፎ ለሞት ይሰጠዋል፤ ያውም በገዛ ግድግዳቸው። «እስቲ አስብበታለሁ» ብለው ሸኙት። እራት ቀርቦ ሳይበሉ ተነሡ።

በማግሥቱ ጠዋት ጽናት መናኸሪያው ውስጥ ከሚኒባሱ ጥግ ቆማ ረዳቱ መሰላሏን ከጣሪያ ላይ ሲያስር ስታይ፣ አቶ ጫኔ ከዘራቸውን እየወጉ ደረሱ።

«አውርደው ያንን መሰላል!» አሉ ረዳቱን። ከዚያም ልጅቷን ወደ አንድ ጥግ ወሰዷትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ትናንት አጥፍቻለሁ። መልክ የሚይዝ ከሆነ ግድግዳዬ ላይ አይወጣም።»

ጽናት ዓይኗ ፈጠጠ። «አባባ፣ ትናንት ካልያዘ ብለው አይደል የመለሱኝ?»

«ነው። ስሚኝ እንግዲህ። አንቺ አልደረስሽበትም፤ ድሮ በዚህ አገር ከብት ሲሰረቅ አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር። አገሬው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ሌባው እስኪወጣ ወደ ቤቱ አይመለስም። ታዲያ ያየ ሰው ተነሥቶ ‹እገሌ ነው› ካለ፣ ከሌባው ወገን ቂም ይተርፈዋል። ስለዚህ በምስጢር ወፍ ይመረጥ ነበር። ያየው ሰው በጆሮው ይነግረዋል፤ ወፉ የሰማውን ለሸንጎው ያደርሳል፤ ማን ነገረህ ሲባል ግን አይናገርም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ወፍ ነበርኩ። ማን እንደነገረኝ ለጌታነሽ እንኳ ነግሬያት አላውቅ።»

«እስከ ዛሬ?»

«እስከ ዛሬ። ነጋሪው ከሞተም አሥር ዓመት አለፈው። እና ልጄ፣ ትናንት ሌሊቱን ሳስበው፣ ያንቺ ሳጥን የምትሠራውን ሥራ እኔ ድሮ ሠርቼዋለሁ። ጉዳዩን ማድረስ፣ ሰውየውን መሸሸግ። ይህን እያወቅኩ ለሦስት በግ ብዬ ልረሳው ነበር።»

ሽማግሌ ሲያጠፋ ጥፋቱን ለመሸፈን የሚያገኘው ሰበብ ብዙ ነው፤ አቶ ጫኔ ግን አንዱንም አልፈለጉም። ይህ ከትምህርትም በላይ ነው። ነገር ግን ጥያቄያቸው ገና አላለቀም ነበር።

«ምስሉን ይዘሽ ለማንም አልሰጥም ብትዪስ? ቁልፍ ካለው ሣጥን ውስጥ ብታስቀምጪው?»

«ለምን አባባ? እኔ ነገ ሌላ ቦታ እዛወራለሁ፤ የሚተካኝን ሰው አላውቀውም። ባለሥልጣን ያዝዘኛል፣ ዘመድ ይለምነኛል፣ ሌባ ይሰብረዋል። የሌለኝን ነገር ግን ማንም ሊያስወጣኝ አይችልም።»

«ይህ ልክ ነው። ቁጥሩንስ ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ቁጥሩ ምስጢር የለበትም። በየሳምንቱ ሰሌዳ ላይ እንለጥፈዋለን፤ ሕዝቡ ይየው፣ ይከራከርበት። በየሰዓቱ፣ በየመንገዱ ስንት ሰው እንዳለፈ።»

አቶ ጫኔ አገጫቸውን ያዙ። እንደገና ያ የትናንቱ የልጅ ጉጉት ፊታቸው ላይ መጣ።

«በየሰዓቱ ነው ያልሽው? በቤቴ ጎን ያለችውን ቀጭን መንገድም ይቆጥራል?»

«ይቆጥራል።»

«ቅዳሜ በዚያች መንገድ ሁለት መቶ ሰው ያልፋል፤ ግድ የለም። ረቡዕ ግን ማን ያልፋል? ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት አንድ ሰው ብሎ ቢለጠፍ፣ በሚቀጥለውም ረቡዕ አንድ፣ በሚቀጥለውም አንድ፣ ያንን ሰው የሚፈልግ ሰው መልክ ምን ያደርግለታል? ከዘራውን ይዞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥጉ ላይ መቆም ነው።»

ጽናት ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት፣ ሥራ ላይ ሦስት ዓመት ቆይታለች። መልክ ስለመደምሰስ እንጂ አንድ የሚባል ቁጥር ራሱ መልክ ሊሆን እንደሚችል አስባበት አታውቅም።

«አባባ፣ ይህን እኔ አላየሁትም» አለች በግልጽ።

«እኔም ትናንት ባላየው ደግ ነበር፤ ግን ግድ ሆነብኝ። አንድ ሰው አለ። ሰውየው ከተገኘ ይሞታል። ከዚህ በላይ አልነግርሽም።»

ረዳቱ «ሞላ! እንሂድ!» እያለ ይጮሃል። ጽናት ወደ እሱ ዞራ «ሂዱ፣ እኔ እቀራለሁ» አለችና ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች። እዚያው መናኸሪያው ጥግ፣ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ተመካከሩ። ቀጭኗ መንገድ ከካሜራው ዕይታ ጭራሽ ትጋረድ ተባለ፤ ለመሻገሪያው የሚያስፈልገው ዋናው መንገድ ነውና። ቁጥሩ በየሰዓቱ መሆኑ ቀርቶ በግማሽ ቀን እየተደመረ እንዲወጣ፣ ከአሥር ያነሰ ከሆነ ደግሞ «ከአሥር በታች» ተብሎ ብቻ እንዲጻፍ ተስማሙ። አቶ ጫኔ አንድ ነገር ጨመሩ፤ ካሜራው ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ በትልቅ ፊደል ተጽፎ ከሥሩ ይለጠፍ፣ ቅሬታ ያለው ሰው የሚደውልበት ስልክም ይኑርበት አሉ።

ጽናት ሁሉንም ጽፋ ለአለቃዋ ደወለችና ቀጭኗን መንገድ ስለመጋረድ፣ ስለቁጥሩም አስረዳች። ጥቂት ተከራከረቻቸው። ስልኩን ስትዘጋ ፈገግ አለች። «ተስማሙ። ለሌሎቹም ከተሞች እንዲሁ ይደረግ ብለዋል።»

አቶ ጫኔ ወረቀቱ ላይ ከመፈረማቸው በፊት ብዕሩን አንሥተው፣ «ፈርሜ ሳበቃ መጥቼ በጎቼን ብጠይቅሽስ?» አሉ።

«የለኝም እልዎታለሁ።»

«ብለምንሽስ? ባለቅስብሽስ?»

«አብሬዎት አለቅሳለሁ። ግን የለኝም።»

«ጎሽ!» አሉና ፈረሙ። በጎቹንም በዚያች ፊርማ ተሰናበቷቸው። ሙክቱን ከጥቦትነቱ ጀምረው ያሳደጉት ነበር።

የዚያኑ ዕለት ማታ ምንተስኖትን አስጠሩት። ካሜራው መልክ እንደማይዝ፣ ለእሳቸውም ለማንም እንደማያሳይ፣ ይህንንም ራሳቸው ፈርመው እንደጠየቁ ነገሩት።

«በጎችዎንስ ጋሼ?»

«በጎቼን ትቻለሁ። አንተስ?»

ሽማግሌው የራሳቸውን ሳይተዉ ‹ተው› ቢሉት ኖሮ ምንተስኖት ተነሥቶ በሄደ ነበር። አሁን ግን አልሄደም። ያን ቀን እሺ አላለም፤ እንቢም አላለም። «ወንድሜን እኮ ነው» ብቻ አለ፤ እትዬ ጌታነሽም ውኃ አመጡለት። ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ እየመጣ ይቀመጥ ጀመር። ታዲዮስ በየረቡዑ ይመጣል፤ ምንተስኖት በየእሑዱ። ሁለቱም አንዱ የሌላውን መምጣት ሳያውቁ፣ አንዷ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የሆዳቸውን ሲያወጡ ሁለት ወር አለፈ።

ሦስት ወሩ ሲሞላ ጽናት ካሜራውን ልታወርድ መጣች። ቁጥሩ የሁሉንም ግምት ገለባብጦታል። ሰው አብዝቶ የሚሻገረው መናኸሪያው ፊትም በግ ተራው መውጫም ላይ አልነበረም፤ በሁለቱ መካከል፣ ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ነበር። እህል ተሸክመው የሚሻገሩትን ሴቶች በክርክሩ ጊዜ ያስታወሳቸው ሰው አልነበረም። መሻገሪያው እዚያ ሊሠራ ተወሰነ። አንድም ሰው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ሰዎቹ የሚያስፈልጋቸው ታወቀ። ማወቅና መሰለል የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ከተማው በዚህ ተማረ። ከጎረቤት ባለሱቆችም ሁለቱ ለሱቃቸው የገዙትን ካሜራ ወደ መንገዱ ሳይሆን ወደ ገዛ በራቸው አዞሩት።

ጽናት የመጨረሻውን ወረቀት ለአቶ ጫኔ ስታሳያቸው ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች።

«ይህ ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ካለፈው በፊት ባለው እሑድ፣ ገበያ በሌለበት፣ በግማሽ ቀን ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ወደ ሜዳው አልፏል። ሠርግ ነበር?»

አቶ ጫኔ መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ያን ቀን ሁለት ወገን፣ ካህናት መስቀል ይዘው ከፊት፣ ሽማግሌዎች ከመሐል ሆነው በዚህ ማዕዘን አልፈው ነበር። ሜዳው ላይ አንዱ እንደ ወጉ ለይቅርታ ደንጊያ ተሸክሞ ከሌላው እግር ሥር ወድቋል፣ ሌላው አንሥቶታል፤ ሁለቱም አልቅሰዋል።

«ዕርቅ ነበር ልጄ» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ አልሸሸጉትም። «ከእነዚህ ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ ውስጥ አንዱ ሌላውን ሊገድል ሲፈልገው የኖረ ነው።»

ጽናት ቁጥሩን እንደገና አየችው። ከዚያም ወረቀቱን አጣጥፋ ለእሳቸው ሰጠቻቸው፤ ማንና ማን እንደሆኑ አልጠየቀችም።